በደረቷ ላይ የተጻፈው ስሜ

ረቡዕ፥ ጥቅምት 12 ቀን

ዛሬም ከእርሱ ጋር ሄደች። ከቀትር በኋላ ቀዩ ፒካፕ በራችን ላይ ቆሞ ጡሩንባውን ነፋ፤ ልጄ ማኅሌት ጃኬቷን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ወጣች። «አፖይንትመንት አለኝ፥ አባዬ» አለችኝ። የምን ቀጠሮ እንደ ሆነ ብጠይቃት «የተለመደው ነው» ብላ ሄደች። በመስኮት ቆሜ አየኋቸው። መኪናው ገና ከሰፈራችን ሳይወጣ ትሥቅ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ ሣቋን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ተፈራ የባለቤቴ የብዙነሽ ታናሽ ወንድም ነው። ኢስትሙር በሚባለው የከተማችን ሰፈር አነስተኛ ጋራዥ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ለመመስከር አልሰስትም። ነገር ግን ረቡዕን ከማክሰኞ የማይለይ፥ በወጣትነቱ ለውትድርና ታፍሶ ከዚያ ወዲህ ዓለሙን ሁሉ በቀልድ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ልጄን ፊደል ያስቈጠርኋት እኔ ነኝ። ጸሎት በቃሏ ያስያዝኋት እኔ ነኝ። የጓደኞቼ ልጆች ለአባታቸው በእንግሊዝኛ ሲመልሱ እርስዋ በአማርኛ እንድትመልስ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተሰናብታ በክረምቱ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ለልቧ የመረጠችው እርሱን ነው።

ወደ ሳሎን ስገባ ፎቶግራፏን ከግድግዳው አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከትታው አገኘሁ። ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ አይደለም። የደንብ ልብሷን ለብሳ የተነሣችው፥ በደረቷ ላይ ስሜ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ፎቶግራፍ ነው። በዚህ አገር የአባት ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ይቈጠራልና ሠራዊቱ ሁሉ ልጄን «ደምሴ» እያለ ይጠራት ነበር። ለቤታችን እንግዳ ሁሉ አስቀድሜ የማሳየው እርሱን ነው። መልሼ ሰቀልሁት።

ሐሙስ፥ ጥቅምት 13

ያየሁትን በሥርዓት ልጻፈው፤ በስሜት ተናገረ እንዳልባል።

በቤተ ክርስቲያን ከእናቷ አጠገብ መቆም ትታለች፤ መውጫው በር ዘንድ ትቆማለች።

አልጋዋ ተነጥፎ ሳለ ሳሎን ወንበር ላይ መብራት አብርታ ታድራለች።

ከበስተኋላዋ ሰው ሲመጣባት ትበረግጋለች። እናቷ ትከሻዋን ብትነካት ሳሕን ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

ሰው «መሪጌታ ደምሴ» ብሎ ሲጠራኝ ከሰማች ካለችበት ተነሥታ ትወጣለች።

የቀሩትን ድካም ነው ብዬ ብተዋቸው ይህን የመጨረሻውን ግን መተው አልቻልሁም። አፍራብኛለች። ትልቅ ነገር አይታ መጥታ፥ አባቷ የመኪና ማቆሚያ ደጅ ጠባቂ መሆኑ ትንሽ ሆኖባታል። ቅኔ ቤት ስንት ዘመን እንደ ተቀመጥሁ በዚህ አገር ማን ያውቃል?

ይህን ለብዙነሽ ብነግራት ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቆም «ቅናት ይዞሃል» አለችኝ።

«በማን?»

«በወንድሜ ነዋ።»

«አባት በልጁ አይቀናም። አባት ይጠብቃል።»

«እርሱ ማኪያቶ ይጋብዛታል፤ አንተ ምክር ትጋብዛታለህ። አንተ ብትሆን ከማን ጋር ትሄዳለህ?»

ሴት ሽንኩርት በምትከትፍበት ሰዓት መከራከር የጥበበኛ ሥራ አይደለም።

ዓርብ፥ ጥቅምት 14

ቈርጬ ተነሣሁ። ልጄ የምትናገረው ነገር ካላት የሚሰማት የሚገባው ሰው አለ፤ እርሱም የንስሐ አባታችን ነው። ጠዋት ደወልሁላቸው። ነገ እመጣለሁ አሉኝ። ማኅሌት መጀመሪያ «አይም ፋይን፤ ደኅና ነኝ» አለች፤ እናቷ ስትለምናት ግን እሺ አለች። ለእናቷ ብላ መሆኑን ፊቷ ይናገር ነበር። ለእኔ ያለችው እሺ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከሥራ ስመለስ ተፈራ የመኪናዋን ጎማ ለበረዶው ወራት ሊቀይር መጥቶ በራችን ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። እርስዋ ብሎኖቹን በባርኔጣው ውስጥ ይዛለት አጠገቡ ቆማለች። ሁለቱም ዝም ብለዋል፤ ዝምታው ግን እኔ ከእርስዋ ጋር ያለኝ ዝምታ አልነበረም። ስቀርብ ወደ ቤት ገባች።

«ተፈራ፥ ይህችን ልጅ ምንድን ነው የምትመክራት?» አልሁት።

«እኔ? እኔ ሾፌር ነኝ፥ መሪጌታ።»

«ሾፌርማ በየጎዳናው ሞልቷል።»

«እንደ እኔ በነጻ የሚነዳ ግን የለም» ብሎ ሣቀ።

እንደ ተሳለቀብኝ ቈጠርሁት። እራት ብላ ሳልለው ሄደ። ብዙነሽ ለእርሱ ያቀረበችውን ሳሕን መልሳ ከገበታው አነሣች።

ቅዳሜ፥ ጥቅምት 15

ዛሬ የሆነውን መጻፍ ይገባኛል።

ቄሱ ከቀትር በፊት መጡ። በትንሿ ክፍል ወንበር አዘጋጀሁላቸው፤ ማኅሌትን ፊት ለፊታቸው አስቀመጥኋት። በነጻነት ትናገር ዘንድ እኔ ወጥቼ በሩን ዘጋሁት። በሩ ይላላልና እጀታውን በእጄ ያዝሁት። ከውስጥ የቄሱ ድምፅ ቀስ ብሎ ተሰማኝ። ከዚያ የእርስዋ ድምፅ፤ «በሩ ይከፈት።»

«አይዞሽ፤ አባታችን ናቸው፤ ተናገሪ» አልኋት፤ እጀታውንም አጠበቅሁት።

«አባዬ፥ በሩን ክፈተው።»

አልከፈትሁትም። ዓይን አፋርነት መስሎኝ ነበር። ቄሱ ከውስጥ «መሪጌታ፥ ይልቀቁት» ብለው በብርቱ ሲስቡት ነው የለቀቅሁት። ልጄ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ፊቷ ደም የለውም፤ ላብ በግንባሯ ላይ ወርዷል። ወደ እኔ አላየችም። ወደ ተከፈተው በር እያየች በአማርኛ፥ አንዱንም ቃል ሳትውጥ እንዲህ አለች፤

«አለቃዬ የነበረ ሰው በሩን ዘግቶ ደፈረኝ። እዚያው የጦር ሰፈር ውስጥ። እንግዲህ ንስሐ የምገባው ስለ የትኛው ኃጢአቴ ነው?»

ብዙነሽ ከወጥ ቤት መጥታ ያዘቻት። እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ወጡ። ብዙም ሳይቈይ ቀዩ ፒካፕ መጣ፤ ማኅሌት አንዲት ቦርሳ ይዛ ገባችበት። ተፈራ ጡሩንባ አልነፋም። ወደ እኔም አላየም።

ቄሱ ካባቸውን አስተካክለው ሊሄዱ ተነሡ። ይቈጡኛል ብዬ ነበር። «መሪጌታ፥ ንስሐ ለበደለ ነው። ለተበደለማ እንባውን የሚያብስ ሰው ነው የሚታዘዝለት» አሉኝ። በደጃፉ ላይ ደግሞ ቆም ብለው፥ «እኔን የጠሩኝ ለእርስዋ አልነበረም። ለእርስዎ ያልተነገረውን ለእኔ ትናገረው ዘንድ ነበር» አሉ።

እውነት ነው። እጀታውን የያዝሁበትን እጄን አሁን አየዋለሁ።

እሑድ፥ ጥቅምት 16፥ ኪዳነ ምሕረት

ቅዳሴ ቆምሁ፤ ምን እንደ ተቀደሰ ግን አላውቅም። አንድ ወዳጄ ወደ እኔ መጥቶ «ወታደሯ ልጅዎ ዛሬ ቀረች?» አለኝ። ከዚህ ቀደም ይህን ስጠየቅ ደረቴን ነፍቼ መልስ የምሰጥበት ነገር ነበር። «አሟታል» ብዬ ዐለፍሁ። መታመሟ ውሸት አይደለም። ያፈርሁት ግን በእርስዋ እንዳይሆን ፈራሁ።

ቤት ስንመለስ በውስጤ ሲብላላ የዋለውን ለብዙነሽ አወጣሁት። «ለምን አልጮኸችም? ለምን ያኔውኑ አልደወለችልንም?»

ብዙነሽ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ «አንተ ፊት ማን ጮኾ ያውቃል?» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ትላንት በአማርኛ ‹በሩን ክፈተው› ብላህ ነበር።»

በሕግ ትርጓሜ ያስተማሩኝ መምህሬ፥ በምድረ በዳ የተደፈረችውን ልጃገረድ በደል የለባትም፤ ጮኻ ነበር፥ የሚያድናት ግን አልነበረም ብለው እንደ ተረጐሙልኝ አስታወስሁ። ይህን ለስንቱ ደግሜ አስተምሬዋለሁ። ምድረ በዳ ማለት ሰው የሌለበት ስፍራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰው የሞላበት፥ ነገር ግን ሁሉ የአለቃው የሆነበት የጦር ሰፈርም ምድረ በዳ ነው። የእኔም ቤት ለአንድ አፍታ ምድረ በዳ ሆኖ ነበር።

ይህ ሁሉ ገብቶኝ እንኳ አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። ተፈራ ያውቅ ነበር። ሁሉን ነግራዋለች። በየረቡዑ በዚያ ፒካፕ ውስጥ አንድ በአንድ ሲሰማ፥ እኔ አባቷ ከቄስ ጋር በሩን ታግዬ ሰማሁት። ኀዘኔን ከዚህ ቅናት ለይቼ ማዘን አቃተኝ። ነገ ወደ ኢስትሙር እሄዳለሁ።

ሰኞ፥ ጥቅምት 17

ሄድሁ። ተፈራ ከአንዲት ነጭ መኪና ሥር ነበር፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«መሪጌታ፥ በጫማዎ ዐወቅሁዎ» አለኝ ከሥር ሆኖ። «ጋራዥ ውስጥ የተወለወለ ጫማ ይዞ የሚገባ ሌላ ሰው የለም።»

«ውጣ፤ የምጠይቅህ ነገር አለኝ።»

«ይጠይቁኝ። ይህን ብሎን ከለቀቅሁት ግንባሬ ላይ ነው የሚወድቀው።»

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ከሰው እግር ጋር ተነጋገርሁ። «ምን ምን ነገረችህ?»

«ምንም።»

«አትዋሸኝ። ከነሐሴ ጀምሮ አብራችሁ ናችሁ።»

«ምንም አልነገረችኝም፥ እኔም አልጠየቅኋትም። የቀድሞ ወታደሮች ክሊኒክ በር ላይ አወርዳታለሁ፤ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ወንበሬን ለጠጥ አድርጌ እተኛለሁ። ስትወጣ ‹ርቦሻል?› እላታለሁ። እርሱን ብቻ ነው የምጠይቃት።»

«ታዲያ በመንገድ የምትሥቁት በምንድን ነው?»

የጫማው ጫፍ ተወዛወዘ። «በእርስዎ አነዳድ። ሃይዌይ ላይ እንደ ታቦት የሚሄዱ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ከመኪናው ሥር ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጎማ ላይ ተቀመጠ። አሁን አልሣቀም። «እኛ ካምፕ አንድ ልጅ ነበር፥ መሪጌታ። ወንድ ልጅ። አዛዡ የሚያደርግበትን ሁላችንም ዐውቀን ነበር። ዕለት ዕለት ከብበን ‹ምን አደረገህ? እስኪ ንገረን› እንለው ነበር። የጠየቅነው ብዙ ነን። አጠገቡ የተቀመጠ ግን አንድም አልነበረም። ኋላ ጠፋ፤ የት እንደ ደረሰ አላውቅም። ማሂ ‹ውሰደኝ፥ አትጠይቀኝ› ስትለኝ ያ ልጅ መጣብኝ። ስለዚህ እነዳለሁ።»

ሁለት ወር ሙሉ የቀናሁት ባዶ እጁን በሆነ ሰው ነበር። እርሱ የሚያውቀው እኔ ቅዳሜ ከሰማሁት ያንሳል። ይህን ሳውቅ ደስ እንዳለኝ ብጽፍ ያሳፍረኛል፤ ሆኖም ለአንዲት አፍታ ደስ ብሎኛል።

ማኅሌት ተፈራ ከሚኖርበት ከላይኛው ፎቅ ወርዳ መጣች። የተፈራን ሹራብ ለብሳለች። ከእኔ ራቅ ብላ፥ የጋራዡ ሰፊ በር ወደ ተከፈተበት ወገን ቆመች። ተፈራ ዕቃ ፍለጋ ወጣ።

«ፎቶውን መልሰህ ሰቅለኸዋል፥ አይደል?» አለችኝ።

«ሰቅዬዋለሁ።»

«አባዬ፥ እዚያ ማንም ማኅሌት ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ሁሉም ደምሴ ነው የሚሉኝ። እርሱም ደምሴ ነበር የሚለኝ። ያን ቀንም። በሩን ከዘጋው በኋላም።»



«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች አንተን ሲጠሩህ የምሰማው የእርሱን ድምፅ ነው። ላንተ ሳይሆን ለእኔ የተጠራ ይመስለኛል። ያንተን ስም ጠልቼው አይደለም። አፍሬብህም አይደለም፤ እማዬ ‹እንደዚያ ይመስለዋል› አለችኝ።»

ማን እንደ ሆነ፥ የት እንዳለ፥ ለምን እንዳልጮኸች፥ ጥያቄው ሁሉ በአፌ ውስጥ ተሰልፎ ነበር። ጥርሴን ነከስሁ። እርስዋ ግን ሳልጠይቃት መለሰችልኝ። «ክሊኒክ ያለችው አማካሪ እንዲህ አለችኝ፤ አንዳንድ ሰው ይታገላል፥ አንዳንዱ ይሮጣል፥ አንዳንዱ ድርቅ ይላል። እኔ ድርቅ አልኩ። ሰውነቴ ነው ያደረገው እንጂ እሺ ማለት አይደለም አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።»

«ከስሰሽዋል?»

«አልከሰስኩም። አቤት የሚባልለት ሰው ጓደኛው ነበር። አሁንም አልወሰንኩም። ባልከስም ግን ክሊኒኩ ያክመኛል፤ ያንን ሳላውቅ ነው የቆየሁት። ብቻዬን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲህ የደረሰባቸው ወንዶችም ጭምር አሉ አለችኝ።»

«ደግ ሴት ናት» አልሁ። የተናገርሁት እውነት ነው፤ ቅናቴ ግን በዚያች ቅጽበት ተፈራን ትቶ ወደማላያት ሴት ተሻገረ። መጀመሪያ የሰማቻት እርስዋ ናት።

«በሩን ስለ ያዝሁት...» ብዬ ጀመርሁ፤ ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተኝ። ዘመኔን ሁሉ ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ቀርቼ አላውቅም ነበር።

«ዐውቃለሁ» አለች። «ዛሬ ግን ወደ ቤት አልመጣም።»

ማክሰኞ፥ ጥቅምት 18

ፎቶግራፉን አወረድሁት። ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ ቀርቷል። ብዙነሽ የሕፃንነቷን ፎቶ ልስቀልበት አለች፤ ተይው፥ እርስዋ የምትፈልገውን ትስቀልበት አልኋት። ብዙነሽ ትኵር ብላ አየችኝ፤ ትኵሳት ያለብኝ መስሏት ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ተፈራ ደወለ። «መሪጌታ፥ ነገ ሥራ በዝቶብኛል። ማሂን እርስዎ ያደርሷታል? ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብላለች።» ረቡዕ ረቡዕ ሥራ እንደማይዝ ዐውቃለሁ። ምጽዋት እየሰጠኝ ነው። የገዛ ልጄን ከሰው እጅ በምጽዋት ልቀበል? ብዬ ልቈጣ ነበር፤ «አደርሳታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

መኪናዬን አጠብሁ። ጫማዬን ልወለውል አነሣሁ፤ የተፈራ ቀልድ ትዝ ብሎኝ አስቀመጥሁት። በኋላ ግን ወለወልሁት። ሰው ሁሉን በአንድ ሳምንት አይተውም።

ረቡዕ፥ ጥቅምት 19፥ ገብርኤል

ከኢስትሙር አንሥቻት ሄድን። በሃይዌይ ሌሎች በሚሄዱበት ፍጥነት ነዳሁ፤ የፍጥነት መለኪያውን ጎንበስ ብላ አየች። ክሊኒኩ ዘንድ ስንደርስ በመኪናው ውስጥ ልጠብቃት እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «ዛሬ ግባ» አለችኝ። ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች፤ እኔ በበሩና በእርስዋ መካከል እንዳልሆን አስቤ ከጎኗ ተቀመጥሁ። ብዙም ሳንቈይ በመስኮቱ በኩል ያለችው ወጣት ሠራተኛ ወረቀቷን ዐይታ ጮክ ብላ «ደሚሲ» ብላ ተጣራች።

ልጄ ድርቅ አለች። እጆቿ ጕልበቷ ላይ ነጭ ሆኑ። በየሳምንቱ ይህን ስም በዚህ ክፍል ስትሰማው እንደ ኖረች ያኔ ገባኝ።

ተነሣሁ። «አቤት» አልሁ። ሠራተኛዋ ወረቀቷን ደግማ አየች። በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ «ይህ ስም የእኔ ነው። የእርስዋ ማኅሌት ነው። እባክሽ ማኅሌት ብለሽ ጥሪያት» አልኋት። በክፍሉ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ዕድሜው የገፋ የቀድሞ ወታደር ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ አየኝ።

ሠራተኛዋ «ኦኬ፥ ሰር» ብላ ጻፈች። ከዚያ ፊደሉን እየፈለገች «ማ...ሌት?» አለች።

«ማኅሌት» አለች ልጄ፤ ተነሥታ ቆመች። ስታልፈኝ «ስምህን ወሰድክብኝ» አለችኝ በቀስታ። መሣቋን እርግጠኛ አይደለሁም።

አማካሪዋ በኮሪደሩ መጣች። አጭር፥ ፀጕሯ የሸበተ፥ ጫማዋ ያልተወለወለ ሴት ናት። ለዚህች ሴት ነበር እንቅልፍ ያጣሁት። እጅ ነሣሁ፤ እርስዋም እጅ ነሣችኝ። ሁለቱ ጐን ለጐን ሄዱ። ከተቀመጥሁበት በሩ ይታየኝ ነበር። አማካሪዋ ቀድማ ገባች፤ በሩን ለልጄ ተወችላት። ማኅሌት እጀታውን ይዛ ለአንድ አፍታ ቆመች፤ ከዚያ በሩን ራሷ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም። የማወቅ ፍላጎቴ እንደ ረኃብ ነበር፤ ሆኖም ባለሁበት ተቀመጥሁ።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ትከሻዋ ግን ዝቅ ብሏል። መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን አሰረች። እኔም «ርቦሻል?» አልኋት።

«ይህን ጋሼ ተፌ ነው ያስጠናህ።»

«አዎን፤ እርሱ ነው።»

«ርቦኛል።»

ዕለቱ ረቡዕ ነውና የድንች ጥብስ ገዛን፤ የጾም መፍቻው ሰዓትም ደርሶ ነበር። በሕይወቴ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው። ለጊዜው ኢስትሙር እቈያለሁ አለችኝ፤ ለእሑድ ግን እናቷ ዘንድ ለምሳ ትመጣለች። ቀጥሎም በመስኮቱ በኩል እያየች «የሚመጣው ረቡዕ የጋሼ ተፌ ነው። የዚያ ሳምንቱ ያንተ» አለችኝ።

ለምን እርሱ ይቀድማል የሚለው ቃል እስከ ምላሴ ጫፍ መጥቶ ነበር። ድንች ጐረስሁበት።